ለቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች ጉባኤ ወቅታዊ የመወያያ ርዕስ እንዴት ይመረጣል?

የሙያ ጉባኤ እንዲያዘጋጅ የተሰየመ ኮሚቴ ብዙውን ጊዜ ሥራውን የሚጀምረው ከአዳራሽ፣ ከአበልና ከመሪ ቃል ነው። የመወያያ ርዕሶቹ ባነሩ ለኅትመት ሊላክ ሁለት ቀን ሲቀረው በጥድፊያ ይጻፋሉ። እኔም ሐዋሳ ላይ በተካሄደ አንድ የባለሙያዎች ስብሰባ የኮሚቴ አባል ሆኜ ይህንኑ ስሕተት ሠርቻለሁ። የመረጥነው ርዕስ «ዘመናዊ ቤተ መጻሕፍት ለሁለንተናዊ ዕድገት» የሚል ስለ ነበር የተቃወመው ሰው አልነበረም፤ የተወያየበትም አልነበረም። ለውይይት ከተያዘው ጊዜ አብዛኛው ለአዘጋጆቹ በሚቀርብ ምስጋና አለቀ። ቁም ነገሩ የተነሣው በሻይ ዕረፍት ላይ ሲሆን፣ አንዲት የውሰት ክፍል ሠራተኛ ስኒዋን እንደ ያዘች «ተማሪው መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር በስልኩ ፎቶ አንሥቶ ሲሄድ ዝም ልበለው ወይስ ልከልክለው?» ብላ ጠየቀች። በዙሪያዋ የተሰበሰበው ሰው አዳራሽ ውስጥ አንዴም አፉን ያልከፈተው ነበር፤ ክርክሩ ደርቶ ወደ አዳራሽ እንድንመለስ ሦስት ጊዜ መጠራት ነበረብን። ርዕስ መሆን የነበረበት የእርሷ ጥያቄ ነበር።

ስለዚህ ኮሚቴው አስቀድሞ «ወቅታዊ» በሚለው ቃል ላይ ይስማማ። ወቅታዊ ማለት አዲስ ማለት አይደለም፤ በዜና የሚነገር ማለትም አይደለም። ባለሙያው በዚህ ዓመት ውሳኔ ሊሰጥበት ግድ የሆነበት፣ ሳይወስን ቢቀር ደግሞ አንባቢው የሚጎዳበት ጉዳይ ወቅታዊ ነው። በዚህ መለኪያ መቶ ዓመት ያስቆጠረ ችግርም ወቅታዊ ሊሆን ይችላል።

ርዕስ ለመሰብሰብ ከሁሉ የሚሻለው ዘዴ በየቤተ መጻሕፍቱ አንድ ተራ ደብተር ማኖር ነው፤ እኔ «የ‹የለም› ደብተር» እለዋለሁ። ጉባኤው ሊካሄድ ስድስት ወር ያህል ሲቀረው ኮሚቴው ለአባል ቤተ መጻሕፍት ደብዳቤ ይጻፍ፤ በውሰት፣ በማጣቀሻና በዲጂታል ክፍሎች ለሁለት ሳምንት ያህል አንባቢው ጠይቆ «የለም»፣ «አይቻልም» ወይም «አላውቅም» የተባለበት ነገር ሁሉ በአንባቢው አነጋገር፣ ስሙ ሳይጠቀስ፣ እንዲመዘገብ ይጠይቅ። «ምን ብንወያይ ይሻላል?» የሚል የመጠይቅ ቅጽ መበተን የተለመደ ነው፤ ከቅጹ የሚገኘው መልስ ግን ሁልጊዜ ሥልጠና፣ በጀትና ኢንተርኔት ነው። ሰው ቅጽ ሲሞላ አለቃው እንዲያነብለት የሚፈልገውን ይጽፋል፤ ደብተሩ ላይ የሚሰፍረው ግን ዕለቱን የገጠመው ነገር ነው።

ደብተሩ ምን ዓይነት ርዕስ እንደሚያወጣ ለማሳየት አንድ ምሳሌ ልውሰድ። አንድ ተመራማሪ ስለ ከተማዋ የተጻፈ ጽሑፍ ፈልጎ በቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒዩተር ላይ «ሐዋሳ» ብሎ ይጽፋል፤ ጥቂት ያገኛል። «ሀዋሳ» ብሎ ሲሞክር ሌላ ዝርዝር ይመጣል፤ የቆዩ ኅትመቶችን የሚያገኘው ደግሞ «አዋሳ» ብሎ ሲጽፍ ነው። የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የኮምፒዩተር ፊደላት መለያ ውስጥ ከገባ ከ1999 እ.ኤ.አ. ወዲህ ኮምፒዩተር ሐ እና ሀን፣ ሠ እና ሰን፣ ዐ እና አን፣ ፀ እና ጸን የሚያያቸው እንደ ተለያዩ ምልክቶች ነው፤ እኛ አንድ ድምፅ የምንሰማበት ቦታ እርሱ ሁለት ቃል ያነብባል። ካታሎጉ በካርድ በነበረበት ዘመን ልምድ ያለው ሠራተኛ ሦስቱንም መሳቢያ ከፍቶ ያይ ስለ ነበር ጉድለቱ አይታወቅም ነበር። ቤተ መጻሕፍት ወደ ኮሃና ወደ መሳሰሉት የኮምፒዩተር ካታሎግ ሥርዓቶች ሲዛወሩ ግን ያ ሠራተኛ ከመካከል ወጣ፤ አንባቢውም «መጽሐፉ የለም» ብሎ ይሄዳል፤ መጽሐፉ መደርደሪያው ላይ እያለ ማለት ነው። የአባት ስምን እንደ ቤተሰብ ስም ቆጥሮ ደራሲውን በአባቱ ስም የሚመዘግብ ሥርዓትም እንዲሁ ነው፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የታተመን መጽሐፍ ዓመቱን ሳይለውጡ እንደ አውሮፓውያን ዘመን ማስገባትም ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያሳስታል። ከዚህ ሁሉ አንድ ጥሩ ርዕስ ይወጣል፦ «በሞክሼ ፊደላት የተጻፉ ርዕሶችን በጋራ ደንብ እንመዝግብ ወይስ የመፈለጊያ ሥርዓቱ ራሱ እንዲያቻችላቸው እናድርግ?» ሁለቱም ወገን በቂ ምክንያት አለው፤ ሁለቱም ወጪ አለው። እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ፤ ምክንያቱም የመጽሐፉን ሽፋን አጻጻፍ የመለወጥ ሥልጣን ያለን አይመስለኝም።

ሁለተኛው የርዕስ ምንጭ ሕግ ነው። እዚህ ላይ ዋናው ጥንቃቄ አዋጁን ራሱን ርዕስ አለማድረግ ነው፤ «ስለ አዋጁ ግንዛቤ መስጠት» የሚል መርሐ ግብር የአንድ ሕግ ባለሙያን ንባብ ከማስደመጥ አያልፍም። አዋጁ በቤተ መጻሕፍቱ ጠረጴዛ ላይ የሚያስነሣውን ጥያቄ መፈለግ ይገባል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ እንግዲያውስ የማን እጅ የትኛውን መጽሐፍ እንደ ያዘ የሚያሳየውን የውሰት መዝገብ መጽሐፉ ከተመለሰ በኋላ እስከ መቼ እናቆየዋለን? የፋይዳ ቁጥርን የአባልነት መለያ ማድረግስ ያስፈልገናል? የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ቤተ መጻሕፍት ለጥናት የሚጠየቀውን ጽሑፍ የሚያባዛበትን ሁኔታ ይደነግጋል፤ የዚያች የውሰት ክፍል ሠራተኛ ጥያቄም መነሻው እዚሁ ላይ ነው፤ አዋጁ በወጣበት ዘመን የተማሪው ኪስ ውስጥ ካሜራ አልነበረም። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የማራኬሽ ስምምነት ለዓይነ ስውራንና ኅትመት ማንበብ ለሚቸግራቸው ሰዎች ጽሑፍን በሚመች መልክ ማዘጋጀትን ይፈቅዳል፤ ጥያቄው በየቤተ መጻሕፍቱ ይህን ሥራ የሚሠራው ማን ነው የሚለው ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት የክፍት ተደራሽነት ፖሊሲ ደግሞ የመመረቂያ ጽሑፎችን ማንም በነጻ እንዲያነባቸው በዲጂታል ቋት ማስቀመጥን የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት የዕለት ሥራ አድርጎታል።

ሦስተኛው ምንጭ ጉባኤው የሚካሄድበት ቦታ ነው፤ ይህን ምንጭ ኮሚቴዎች ጨርሶ ሲረሱት አያለሁ። ሐዋሳ ላይ ተሰብስቦ አዲስ አበባ ላይ ሊባል የሚችለውን ብቻ ብሎ መመለስ የትራንስፖርት ወጪውን ያስቆጫል። ሐዋሳ የቀድሞው የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል መቀመጫ ነበረች፤ ሲዳማ በሰኔ 2012፣ ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በ2014 ራሳቸውን የቻሉ ክልሎች ሆኑ፤ በነሐሴ 2015 የቀረው ክፍል ለደቡብ ኢትዮጵያና ለማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልሎች ተከፈለ። አንድ መሥሪያ ቤት ለብዙ ዓመታት ያጠራቀመው መዝገብ፣ ካርታና የጥናት ሰነድ ለአራት ወራሾች እንዴት ይከፈላል? ዋናው ቅጂ ለማን ይሁን? ማን ዲጂታል ያድርገው? የቤተ መዛግብትና የቤተ መጻሕፍት ባለሙያው አንድ ላይ ተቀምጠው ሊመልሱት የሚገባ፣ በቆየ ቁጥርም ወረቀቱ የሚጠፋበት ጥያቄ ነው። እንዲሁም ዛሬ በሲዳምኛ የሚጻፈው በአብዛኛው በላቲን ፊደል፣ በአማርኛ የሚጻፈው በግእዝ ፊደል ስለ ሆነ፣ አንድ ካታሎግ ሁለቱን ጎን ለጎን እንዴት እንደሚያስተናግድ ለመወያየት ከሐዋሳ የተሻለ ቦታ አይገኝም።

ከሦስቱ ምንጮች ሠላሳና አርባ ርዕስ መሰብሰብ ቀላል ነው፤ የሚከብደው መጣሉ ነው። እኔ ሦስት ጥያቄ እጠይቃለሁ። ሁለት ሥራቸውን የሚያውቁ ባለሙያዎች በዚህ ጉዳይ ላይ ሳይስማሙ ሊቀሩ ይችላሉ? አዳራሹ ውስጥ ከሚቀመጠው ሰው መካከል ቢያንስ ጥቂቱ የመወሰን ሥልጣን አለው? ጉዳዩ ለከርሞ ቢተላለፍ የሚበላሽ ነገር አለ? ሦስቱንም ያላለፈ ርዕስ ለሥልጠና ወይም ለጽሑፍ ይሁን እንጂ የጉባኤውን ሰዓት አይውሰድ። «የንባብ ባህልን ማዳበር» የመጀመሪያውን ጥያቄ እንኳ አያልፍም፤ የሚቃወመው የለማ።

አንዳንድ ርዕስ ግን የሚወድቀው ስለ ሰፋ ብቻ ነው፤ ሲጠብብ ይድናል። «ሰው ሠራሽ አስተውሎትና የቤተ መጻሕፍት የወደፊት ዕጣ» የሚለው ርዕስ ቻትጂፒቲ በኅዳር 2015 ለሕዝብ ከቀረበ ወዲህ በየጉባኤው አለ፤ እንዲህ ሆኖ ሲቀርብ ሰውን ከማስፈራት ወይም ከማስደመም በቀር ፋይዳ የለውም። ወደ ማጣቀሻ ጠረጴዛው ካመጣነው ግን ሌላ ይሆናል። ተማሪው የደራሲ ስም፣ የመጽሐፍ ርዕስና የኅትመት ዓመት የያዘ ዝርዝር ይዞ ይመጣል፤ ሠራተኛው ግማሽ ሰዓት ይፈልጋል፤ በመጨረሻ ከዝርዝሩ ውስጥ ሁለቱ መጻሕፍት በዓለም ላይ ያልታተሙ፣ ማሽኑ የፈጠራቸው እንደ ሆኑ ይታወቃል። «አንባቢው ይዞት የሚመጣውን የምንጭ ዝርዝር ማጣራት የእኛ ሥራ ነው? ከሆነስ በየትኛው ሰዓትና በየትኛው የሥራ መደብ?» የሚለው ርዕስ ሦስቱንም ጥያቄ ያልፋል።

በርዕስ አጻጻፍ ረገድ የምመክረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ርዕሱ በጥያቄ መልክ ይጻፍ፣ ጥያቄውም «አዎ» ወይም «አይ» ብሎ የሚመልሰው ሰው ያለው ይሁን። «ሚና»፣ «አስተዋጽኦ»፣ «ተግዳሮቶችና መልካም አጋጣሚዎች» የሚሉት ቃላት ርዕሱ ውስጥ ከገቡ ጸሐፊው ገና አልወሰነም ማለት ነው።

የጊዜውን ነገርም ማሰብ ያስፈልጋል። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ የበጀት ጥያቄው የሚዘጋጀው ከዚያ ወራት ቀድሞ ነው። ስለዚህ ገንዘብ የሚጠይቅ ርዕስ፣ ለምሳሌ የውጭ መጽሔቶችና የዳታቤዝ ግዢ፣ ግንቦት ላይ ቢነሣ ለሐዘን ብቻ ይሆናል። በተለይ ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲመራ ከተደረገ በኋላ በዶላር የሚከፈል ነገር ሁሉ በብር ስለ ናረ፣ ቤተ መጻሕፍት ተባብረው በጋራ ይግዙ ወይስ ነጻ ምንጮችን ያደራጁ የሚለው ክርክር መካሄድ ያለበት ጥያቄው ገና በረቂቅ ላይ እያለ ነው። በአንጻሩ የመውጫ ፈተና ሰሞን የንባብ ክፍል ሰዓትና መቀመጫ እንዴት ይደልደል የሚለው ጉዳይ ገንዘብ ብዙም ስለማይፈልግ ከፈተናው ሁለት ወር ቀድሞ ቢነሣ ይበቃዋል።

ተሳታፊው አንድ ዓይነት እንዳልሆነም አይዘንጋ። የዩኒቨርሲቲው ባለሙያ ስለ ዲጂታል ቋት ሲናገር፣ ቁልፉ በንብረት ክፍል እጅ በሆነ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የሚያገለግለው የትምህርት ቤት ባልደረባው ይደነቅ ይሆናል እንጂ አይጠቀምም። ለእርሱ ቢያንስ አንድ ርዕስ ይለይ፤ ያውም በመጀመሪያው ቀን ጠዋት፣ ሁሉም ሳይበተን።

ለሁለት ቀን ጉባኤ አራት ርዕስ ይበቃል ባይ ነኝ፤ አምስተኛው ቦታ ባዶ ይተው፣ በመጀመሪያው ቀን ሻይ ላይ በተነሣው ጉዳይ እንዲሞላ። እያንዳንዱን ርዕስ የሚከፍተው ጥናት አቅራቢ ሳይሆን ችግሩ ዕለት ዕለት የሚገጥመው ሠራተኛ ይሁን፤ አሥር ደቂቃ ወስዶ የሆነውን ይናገር፤ የጥናት ጽሑፉ ከዚያ በኋላ ይቅረብ። ዝርዝሩ ወደ ማተሚያ ቤት ከመላኩ በፊት ደግሞ ከኮሚቴው አንድ ሰው ይዞት ወደ አንድ የውሰት ክፍል ይሂድና እዚያ ለተቀመጠችው ሠራተኛ ጮክ ብሎ ያንብብላት። «ይሄማ እኛም ጋር አለ» ያለችበት ርዕስ ይታተም፤ «ጥሩ ነው» ብላ ያለፈችው ተመልሶ ይጻፍ።