በሺያመን የቻይናውያንን የስደት ታሪክ ሙዚየም ለመጎብኘት

ከሰሜን ሸዋ ለትምህርት ወይም ለንግድ ወደ ቻይና የምትሄዱ፣ ጓንዡ ደርሳችሁ ትርፍ ቀን ካገኛችሁ፣ በፈጣን ባቡር ወደ ሺያመን ከተማ ተጉዛችሁ የባሕር ማዶ ቻይናውያንን ሙዚየም እንድትጎበኙ አጥብቄ እመክራለሁ። ከደብረ ብርሃንም ሆነ ከሸዋ ሮቢት ልጁን ዓረብ አገር የሸኘ ቤተሰብ ብዙ ነውና ታሪኩ እንግዳ አይሆንባችሁም።

ከመነሳታችሁ በፊት ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ የቻይንኛ መተርጎሚያ ስልካችሁ ላይ ጫኑ፤ ጎግል እዚያ በመደበኛው መስመር አይከፈትም። ፓስፖርታችሁን ያዙ፤ የአገሪቱ ሙዚየሞች አብዛኞቹ ሰኞ ስለሚዘጉ በሌላ ቀን ሂዱ።

ሙዚየሙ ከሺያመን ዩኒቨርሲቲ ብዙም አይርቅም። ሁለቱንም ያቋቋሙት፣ በወጣትነታቸው ወደ ሲንጋፖር ተሻግረው በጎማ ሥራ የከበሩት ታን ካህ ኪ ናቸው፤ ዩኒቨርሲቲው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1921 ተመሠረተ፣ ሙዚየሙ ደግሞ በ1959 ተከፈተ። ታሪኩን ለመከታተል ጥቂት ዓመታትን አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል፦ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ቻይናውያን የደከሙበት የአሜሪካ አህጉር አቋራጭ የባቡር ሐዲድ በ1869 ተጠናቀቀ፤ ያው አገር በ1882 ቻይናውያን ሠራተኞች እንዳይገቡ በሕግ ከለከለ፤ ሕጉም እስከ 1943 ድረስ ጸንቶ ቆየ። ከ1904 ጀምሮ ደግሞ ከ60,000 በላይ ቻይናውያን ወደ ደቡብ አፍሪካ የወርቅ ጉድጓዶች ተወስደዋል።

ከሁሉ አስበልጣችሁ ጊዜ ልትሰጡት የሚገባው ግን ቺያውፒ ለሚባሉት ደብዳቤዎች ነው። እነዚህ ከደቡብ ምሥራቅ እስያ ፉጂያንና ጓንግዶንግ ወደሚባሉት የቻይና ክፍለ ሀገራት መንደሮች ገንዘብና ወሬ አንድ ላይ ያደርሱ የነበሩ ሲሆኑ፣ በ2013 በዩኔስኮ የዓለም የማስታወሻ መዝገብ ላይ ሰፍረዋል። ፖስታውን ቀረብ ብላችሁ ተመልከቱ፤ ከላይ በግራ በኩል የተላከው ገንዘብ መጠን ተጽፎ ይገኛል። ዛሬ ሐዋላ ሲደርሰን «ደረሰን» ብለን እንደምንደውል፣ ያኔም ቤተሰቡ ገንዘቡን መቀበሉን የሚያረጋግጥ መልስ ጽፎ በመልእክተኛው እጅ ይመልስ ነበር። ማንበብና መጻፍ የማይችል ደግሞ ጸሐፊ ያጽፍ ስለነበር፣ በእጅ ጽሕፈቱ ውበት ሳትወሰዱ ይዘቱን አስተርጉሙ፦ ለእናት ምን ያህል፣ ለልጅ ትምህርት ምን ያህል፣ ለዕዳስ ምን ያህል እንደተመደበ ጠይቁ። መርከቦቹንና ምስሎቹን የሚያሳየው ክፍል ያማረ ቢሆንም፣ አገር ቤት የቀሩትን ሰዎች የምታገኟቸው እዚህ ነው።

ጊዜ ከተረፋችሁ ከስደት የተመለሱ ሀብታሞች የሠሯቸውን ቤቶች ለማየት በጀልባ ወደ ጉላንግዩ ደሴት ተሻገሩ። የጀልባው ቲኬት በፓስፖርት ስለሚሸጥና የተሳፋሪው ቁጥር የተወሰነ ስለሆነ አስቀድማችሁ ቁረጡ።