መብራት በራ ብላችሁ ቶሎ ካሊብሬሽን አትበሉ፦ የመኪና ካሜራና ራዳር ችግርና መፍትሄ

ልደታ አካባቢ ጋራዥ ውስጥ ኤሌትሪክና ዲያግኖስቲክ ነው ምሰራው። ድሮ ሰው ሲመጣ ፍሬኑ ይጮሃል፣ ባትሪው አልይዝ አለ ነበር ሚለው፣ አሁን ገና ከመኪናው ሳይወርድ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ "ካሊብሬት ታደርጋላችሁ?" ነው። ከ2016 ጀምሮ የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተባለ በኋላ ከተማው በቢዋይዲ በአይዲ ፎር በቻንጋን ምናምን ሞልቷል፣ አዲሶቹ ቶዮታዎችም ብዙዎቹ መስታወታቸው ላይ ካሜራ አርማቸው ጀርባ ራዳር ይዘው ነው ሚመጡት (መኪናው መስመሩን እንዲጠብቅና ራሱ ፍሬን እንዲይዝ መንገዱን ሚያዩለት ናቸው)፣ እና ዳሽቦርድ ላይ ቢጫ መብራት ባየ ቁጥር ሰው ሁሉ መድሃኒቱ ካሊብሬሽን ይመስለዋል።

አይደለም። ካሊብሬሽን ማለት ለካሜራው "ቀጥታ ማለት በዚ በኩል ነው" ብሎ መንገር ነው በቃ። መስታወቱ ከቆሸሸ አያጸዳውም፣ ፓራውልቱ ከተጣመመ አያቃናውም፣ እንደውም መኪናው ራሱ ጠማማ ከሆነ ጠማማውን ቀጥ ነው ብሎ ይመዘግበዋል። ስለዚ እኔ መጀመሪያ በአይን ሚታየውን፣ ቀጥሎ ብረቱንና ጎማውን፣ ከዛ ባትሪውን አያለሁ፣ ኮምፒውተሩ መጨረሻ ነው።

ችግር፦ "ካሜራው ለጊዜው አይሰራም" ሚል ጽሁፍ ይመጣል

መጥቶ ሚጠፋ ከሆነ አትደንግጡ፣ ማየት አቅቶት ነው። ጠዋት ከሜክሲኮ ወደ ስታዲየም ስትሄዱ ጸሐይዋ ፊት ለፊት ነው ምትመጣው፣ እናንተ አይናችሁን ስትጨፍኑ እሱም ያው ነው። ክረምት ላይ ደግሞ ጭቃና የመስታወት ላብ አለ። ቀኑን ሙሉ ጸሐይ ላይ የዋለ መኪናም ካሜራው ከጋለ እስኪቀዘቅዝ ራሱን ሊያጠፋ ይችላል፣ ኤሲውን ወደ መስታወቱ ልቀቁትና ትንሽ ጠብቁ። ጽሁፉ በቻይንኛ ከሆነ (ብዙ ጊዜ ነው!) በስልክ ፎቶ አንስታችሁ አስተርጉሙት፣ "ቆሽሿል" እና "ተበላሽቷል" ሚሉትን ሳይለዩ ወደ ጋራዥ መሮጥ ገንዘብ መጣል ነው።

አልጠፋ ካለ ወርዳችሁ ከውጪ በኩል ከመሃል ስፖኪዮው ጀርባ ያለችውን ቦታ እዩዋት። ቦሎ እዛው ካሜራው አይን ላይ ተለጥፎ ስንቴ እንዳገኘሁ አልቆጥረውም። ጥቁር ስቲከር ሲለጠፍም የካሜራዋን ቦታ ሳይቀዱ አብረው ይሸፍኗታል። ሌላው ዳሽቦርድ ላይ ሚነጠፈው ነጭ ጸጉራም ምንጣፍ ነው፣ ያምራል አይደል? ግን መስታወቱ ላይ ያንጸባርቅና ካሜራው ከመንገዱ ይልቅ ምንጣፉን ያያል። መፍትሄው ማንሳት ነው፣ ስካነር (የመኪናውን ኮምፒውተር ሚያነበው መሳሪያ) አይፈልግም። ከውጪ በለስላሳ ጨርቅ አጽዱ፣ ከውስጥ ግን የካሜራውን ክዳን ፈትታችሁ ሌንሱን በጣታችሁ እንዳትነኩት። የዝናብ መጥረጊያው ጎማ ካለቀም እዛች ቦታ ላይ ነው መስመር ትቶ ሚያልፈው፣ ቀይሩት።

ችግር፦ መስታወት ከተቀየረ በኋላ መኪናው ወደ አንድ ጎን ይሄዳል

ይሄኛው ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም ብዙ ሰው ሚሰቃይበት እሱ ነው። በቅርቡ አንድ ጋሼ ኮሮላ ይዘው መጡ፣ "ልጄ ይሄ መኪና ወደ ቀኝ ይጎትተኛል፣ ጎማ ቤት ሶስቴ ወስጄዋለሁ ምንም የለም ይሉኛል"። አላይመንቱን (የጎማዎቹን አቅጣጫ) ለካነው፣ እውነትም ልክ ነው።
"ጋሼ መስታወት ቀይረዋል እንዴ?"
"አዎ፣ ሲኖትራክ ጠጠር አፈናጥሮ ሰነጠቀብኝ። ግን እሱ ከመሪ ጋር ምን አገናኘው?"
መሪው ላይ ያለችውን የሌይን እገዛ (መኪናውን መስመሩ ውስጥ ሚያቆየው) ቁልፍ አጥፍቼ አብረን ወጣን፣ መጎተቱ ቀረ። መልሼ ሳበራው መስመር ባለበት መንገድ ላይ ተመልሶ መጣ። ይቺን ፈተና እናንተም ራሳችሁ መሞከር ትችላላችሁ፦ እገዛውን አጥፍታችሁ መጎተቱ ከቀረ ጥፋቱ ካሜራው ጋ ነው፣ ካልቀረ ጎማ ወይ አላይመንት ወይ ፍሬን ነው።

ምክንያቱ ምን ሆኖ ተገኘ፣ የገባው መስታወት ካሜራው ሚቀመጥበት መያዣ ያልነበረው ነው፣ ሰራተኛው ከድሮው መስታወት ላይ ነቅሎ በሲሊኮን በአይኑ ግምት ለጠፈው። በአይን ስታየው ቀጥ ያለ ነው ሚመስለው። ግን ሒሳቡን ስሩት፣ ካሜራው 1 ዲግሪ ብቻ ወደ ጎን ቢዞር 50 ሜትር ላይ 87 ሴንቲሜትር ገደማ ይስታል፣ 100 ሜትር ላይ 1 ሜትር ከ75። አንድ የመንገድ መስመር ስፋቱ 3 ሜትር ተኩል ቢሆን ግማሹን ሳተ ማለት ነው፣ ስለዚ መኪናው መሃል ነኝ ብሎ ጠርዝ ላይ ይሄዳል።

መፍትሄው፦ መያዣው ከፋብሪካ የተለጠፈበት መስታወት መግዛት፣ ካሜራው ሚያይበት ቦታ ንጹህና ሞገድ የሌለው መሆኑን ማየት (ኮፒ መስታወት ላይ ጭንቅላታችሁን ወዲህ ወዲያ እያረጋችሁ እዩ፣ ከጀርባው ያለው ምሰሶ ሚወላገድ ከሆነ ተዉት)፣ ማጣበቂያው በደንብ እስኪደርቅ መጠበቅ፣ ከዛ ነው ካሊብሬሽን። ጋሼ መስታወቱን ድጋሚ መግዛት ነበረባቸው፣ ተናደዱ፣ እኔም ብሆን እናደዳለሁ። መስታወት ቤት ስትሄዱ ገና ዋጋ ሳትደራደሩ "ካሜራ ያለው ነው፣ ካሊብሬሽኑን ማን ይሰራዋል?" ብላችሁ ጠይቁ፣ "እሱ አያስፈልገውም" ካሏችሁ ቁልፋችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ችግር፦ ከፊት ምንም ሳይኖር ይደነግጣል፣ ይጮሃል፣ ፍሬን ይይዛል

የፊት ፓራውልት ወይ አርማ ተነክቶ ያውቃል? መጀመሪያ ምጠይቀው እሱን ነው። የፊት ራዳር ብዙ ጊዜ 77 ጊጋኸርዝ አካባቢ ነው ሚሰራው፣ ፕላስቲክ ያልፋል ብረት አያልፍም። ራዳር ያለው ቶዮታ አርማው ተራ አርማ አይደለም፣ ፊቱ ለስላሳ የሆነ ራዳር ሚያሳልፍ ፕላስቲክ ነው። አርማው ተሰርቆበት ከሶማሌ ተራ ሚያብለጨልጭ ኒኬል ነገር ገዝቶ የለጠፈ ልጅ መጥቶ ያውቃል፣ ራዳሩ ፊት ላይ መጋረጃ ሰቅሎ "ለምን አያይም" ይለኛል።

ፓራውልት ተቀጥቅጦ ስቱኮ ተሞልቶ ሲቀባም እንደዛው ነው። ወፍራም ስቱኮ፣ ሶስት አራት ጊዜ የተደራረበ ቀለም፣ በተለይ ሚያብለጨልጨው ሜታሊክ፣ ራዳሩን ያዳክማል ወይ ያጣምማል። ትንሽ ግጭት ከነበረ ደግሞ የራዳሩ መያዣ ብረት ይጎብጣል፣ ከውጪ ምንም አይታይም። ወደ ጎን የዞረ ራዳር ዳር የቆመ መኪና መንገዴ ላይ ነው ብሎ ፍሬን ይይዛል፣ ወደ ታች ያየ ደግሞ የመንገድ ላይ ብረት ያስደነግጠዋል።

መፍትሄ፦ ፓራውልቱን አውርዶ መያዣውን ማየት፣ የጎበጠ ካለ መቀየር፣ አትቀጥቅጡት። ራዳሩ ፊት ለፊት ያለው ቦታ ስቱኮ ካለው ያንን ክፍል መቀየር ነው። ከዛ ቀጥ መሆኑን በመሳሪያ ለክቶ ራዳሩን ለብቻው ካሊብሬት ማድረግ፣ የካሜራው ካሊብሬሽን የራዳሩን አይተካም። ከኋላ ፓራውልት ጥግ ላይ ያሉት የጎን ራዳሮችም እንደዚሁ ናቸው፣ ስፖኪዮው ላይ ያለችው ከጎን መኪና ሲመጣ ምትበራው መብራት ሁሌ ከበራች ወይ ጭራሽ ካልበራች የኋላው ፓራውልት መቼ እንደተቀባ አስታውሱ።

ችግር፦ አምስት ስድስት መብራት ባንዴ ይበራል

ካሜራም ራዳርም ኤቢኤስም (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ ሚያደርገው) መሪም ባንዴ አይበላሹም። አብዛኛውን ጊዜ 12 ቮልት ባትሪው ደክሟል፣ አዎ የኤሌክትሪክ መኪናም 12 ቮልት ባትሪ አለው፣ ትልቁ ባትሪ ሙሉ ሆኖ ትንሹ ሲደክም መኪናው ያብዳል። ወይ ደግሞ አንድ የጎማ ፍጥነት ሴንሰር ሞቷል፣ ኤቢኤሱ ሲወድቅ በሱ ላይ የተደገፉት ሁሉ ይወድቃሉ። ጎሚስታ ጋ ወይ የሞላና አሞርዛተር ስራ ከተሰራ በኋላ ከሆነ የተጀመረው የሴንሰሩ ሽቦ ተቆንጥጦ እንደሆነ እዩ። ስካን ስታደርጉ ከካሜራው ኮድ (ኮምፒውተሩ ሚመዘግበው የብልሽት ቁጥር) አትጀምሩ፣ የኤቢኤስና የመሪውን ችግር መጀመሪያ ፍቱ፣ የካሜራው ብዙ ጊዜ ራሱ ይጠፋል።

ችግር፦ መኪናው ከፍ ከተደረገ ወይ አላይመንት ከተሰራ በኋላ ፍሬን ዘግይቶ ይይዛል፣ መስመር አያነብም

በኛ ጉድጓድና ጉብታ ስፔሰር አስገብቶ ከፍ ማስደረግ የተለመደ ነው፣ አልፈርድም። ግን ካሜራው ሲመረት ከመሬት ስንት እንደሚርቅ ተነግሮታል፣ ከፊት ብቻ ከፍ ሲል ሰማይ ሰማይ ያያል። የደከመ ሞላና አሞርዛተርም፣ መጠኑ የተቀየረ ጎማም እንደዛው። ስለዚ መጀመሪያ ቁመቱን መመለስ ወይ ቢያንስ አራቱንም እኩል ማድረግ፣ አላይመንት በአራቱም ጎማ (ሁለቱን የፊት ብቻ አይደለም፣ የኋላው ጎማ ነው መኪናው ወዴት እንደሚገፋ ሚወስነው)፣ የመሪ አንግል ሴንሰሩን (መሪው ስንት እንደዞረ ሚለካውን) ዜሮ ማድረግ፣ ከዛ ካሜራው።

ቀላል ቀላሎቹን ቶሎ ልበላቸው። የፓርኪንግ ሴንሰር ሳያቋርጥ ከጮኸ አጥቡት፣ ሪቨርስ አስገብታችሁ በጣታችሁ አንድ በአንድ ንኩት፣ ጤነኛው በስሱ ቲክ ቲክ ይላል፣ ዝም ያለው ነው የሞተው። ስፖኪዮ ተሰርቆ በሌላ ከተተካ 360 ካሜራው (ዙሪያውን ከላይ እንዳለ አድርጎ ሚያሳየው) ላይ መሬቱ ተሰንጥቆ ይታያል፣ ከነካሜራው መሆኑን ሳታረጋግጡ አትግዙ፣ ከገጠማችሁ በኋላም እሱም የራሱ ካሊብሬሽን አለው።

ችግር፦ ሁሉም ልክ ነው፣ ካሊብሬሽኑ ራሱ እምቢ አለ

ሁለት አይነት አለ። ቆሞ ሚሰራውና እየተነዳ ሚሰራው፣ የቱ እንደሆነ አምራቹ ነው ሚወስነው እኛ አንመርጥም፣ አንዳንዱ ሁለቱንም ይፈልጋል።

ቆሞ ሚሰራው ላይ የአዲስ አበባ ትልቁ ጠላት መሬቱ ነው፣ ዳገት ላይ የተሰራ ከተማ፣ ግማሹ ጋራዥ ኮብልስቶን ነው። ወለሉን በውሃ ልክ እዩት። የመኪናውን መሃል ከፊትና ከኋላ አርማ ቱንቢ ጥላችሁ ክር ወጥራችሁ አውጡት፣ ካሜራው እንዲያየው ከፊት ሚቆመውን የካሊብሬሽን ሰሌዳ በግምት አታቁሙ፣ አምራቹ ያለውን ርቀት በሜትር ለኩ። ጎማ ልክ ይነፋ፣ ከኋላ ያለው ጀሪካንና ጤፍ ይውረድ፣ ማንም ውስጥ አይቀመጥ። ሰሌዳው ጀርባ ሚያብለጨልጭ ቆርቆሮና ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ካላንደር ካለ ካሜራውን ያሳስተዋል፣ ጨርቅ ጋርዱበት። ባትሪው ላይ ቻርጀር ይሰካ፣ ስራው መሃል ላይ ቮልቴጁ ሲወርድ ነው ብዙው ሚቋረጠው። ስካነሩ ላይም የቻይና ገበያ መኪናን አውሮፓ ብላችሁ ከመረጣችሁ ሌላ መኪና ነው ምትሰሩት። የቮልስዋገን አይዲዎች ደግሞ ኤስኤፍዲ ሚባል መቆለፊያ አላቸው፣ በኢንተርኔት ፈቃድ ካልመጣ አይከፈትም፣ እዛ ላይ ኔትወርክ ከጠፋ ሻይ ጠጡ።

እየተነዳ ሚሰራው ጥርት ያለ መስመርና ቋሚ ፍጥነት ይፈልጋል፣ እንደ መኪናው 50፣ 60 ወይ ከዛ በላይ። ሰኞ ከሰንጋተራ እስከ ካዛንቺስ በሰልፍ እየተጎተታችሁ አይሞከርም። እኔ እሁድ ጠዋት በጊዜ ነው ምወጣው፣ በኮሪደር ልማት የተሰሩት መንገዶች ላይ የተቀቡት መስመሮች ጥሩ ናቸው ግን መብራቱና እግረኛው ያቋርጣችኋል፣ ካልሆነ ቱሉ ዲምቱ ወርዳችሁ በአዳማ ፈጣን መንገድ ነው፣ የክፍያውን ደንበኛው ይችላል። ሁለት ሰው ሁኑ፣ አንዱ ይንዳ አንዱ ስካነሩን ይይዝ፣ ብቻውን እየነዳ ስክሪን ሚያይ ልጅ አይቼ ነው ምናገረው። ዝናብ ከጀመረ ተመለሱ።

መኪና ያሰራችሁ ደግሞ፣ ሰራተኞቹ ከጨረሱ በኋላ ከስራው በፊትና በኋላ የተደረገውን ስካን ውጤት ጠይቁ፣ ወይ ስክሪኑን ፎቶ አንሱት። ኮድ ማጥፋትና ካሊብሬት ማድረግ ለየቅል ናቸው፣ የጠፋ ኮድ ጥቂት ኪሎሜትር ነድታችሁ ተመልሶ ከመጣ የተሰራላችሁ ነገር የለም። መስመር ባለበት መንገድ ላይ እጃችሁ መሪው ላይ እንዳለ ዳሽቦርዱን እዩ፣ የግራና የቀኝ መስመሩ ሁለቱም እኩል መታየት አለባቸው። እና እባካችሁ ፍሬኑን ለመሞከር ካርቶን አቁማችሁ አትንዱበት፣ ጓደኛ አቁማችሁማ በጭራሽ።