ፕሮሎግ ላይ የተንጠለጠለብኝ የዘር ቆጠራ

ሰባት ቤት የሚቆጥር ፕሮግራም እየሠራሁ ነበር። ሊጋቡ ያሰቡ ሁለት ሰዎች ዘመድ መሆን አለመሆናቸውን የሚያይ።

መጀመሪያ ጃቫ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ጻፍኩት። «ሰው» የሚል ክላስ (የእያንዳንዱ ሰው መረጃ የሚሞላበት ንድፍ)፣ ውስጡ አባትና እናት። ከልጅ ወደ አያት መውጣት ቀላል ነው። «የእኚህ ሰው የልጅ ልጆች እነማን ናቸው?» ሲባል ግን ሌላ ሜተድ (ክላሱ ውስጥ የሚጻፍ ትእዛዝ) እና ሌላ ዝርዝር መጨመር ግድ ሆነ። ኦብጀክቱ፣ ማለትም ከክላሱ የተሠራው አንዱ ሰው፣ የሚያውቀው የያዘውን ብቻ ነዋ።

ስለዚህ በ1972 ማርሴይ ላይ ወደተወለደው የሎጂክ ፕሮግራም ቋንቋ፣ ወደ ፕሮሎግ ዞርኩ። እዚህ የሚጻፈው ዝምድናው ራሱ ነው። አንዱ ሕግ ወደ ላይም ወደ ታችም ይመልሳል። ይሄ ነገር አሁንም ያስደንቀኛል!

ግን ትክክለኛ መልሶቹን ሰጥቶኝ ሲያበቃ፣ «ሌላስ?» ስለው ደርቆ ቀረ። ትንሽ ቆይቶ ስታኩ (ያላለቁ ጥያቄዎች የሚቆዩበት የኮምፒውተር ማህደረ ትውስታ) ሞልቷል አለኝ። «ወላጅ ሁሉ ቀዳሚ ነው» ከሚለው ሕግ ቀጥሎ የጻፍኩት ሕግ እንዲህ ነበር («:-» ማለት በስተቀኙ ያለው እውነት ከሆነ በስተግራው ያለውም እውነት ነው ማለት ነው)፦

ቀዳሚ(_ሀ, _ለ) :- ቀዳሚ(_ሀ, _መ), ወላጅ(_መ, _ለ).

ለሎጂክ ትክክል ነው። ፕሮሎግ ግን ከግራ ወደ ቀኝ ነው የሚሠራው። ገና ሲጀምር ያንኑ «ቀዳሚ» መልሶ ይጠይቃል፤ እሱም እንደገና፣ ማለቂያ የለውም። ቦታቸውን ቀያየርኩ፦

ቀዳሚ(_ሀ, _ለ) :- ወላጅ(_ሀ, _መ), ቀዳሚ(_መ, _ለ).

አሁን መጀመሪያ አንድ ትውልድ ይወርዳል፣ ከዚያ ይጠይቃል። ልጅ ሲያልቅ እሱም ይቆማል። በስህተት አንድን ሰው የራሱ አያት አድርጋችሁ ከመዘገባችሁ ግን ይሄም ይሽከረከራል፤ ያኔ ቴብሊንግ (ፕሮሎግ የጠየቀውን ጥያቄና መልሱን መዝግቦ ያንኑ እንዳይደግም የሚያደርግ ዘዴ) ማብራት ነው። ፎርሙንና መዝገቡን ጃቫ ላይ ትቼዋለሁ።