ስለገባ ብቻ ልኩ ነው አትበሉ፦ ትንሽ ካሊበር ሾትገንና አልወጣ የሚል ቀለህ

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ሾትገን (ፍንጣሪ የሚበትን ጠመንጃ) ያላቸው ሰዎች ሲገናኙ ወሬው ዞሮ ዞሮ «ቀለህ አልወጣ አለኝ» ላይ ይደርሳል። ጥፋቱ ሁሌም የጠመንጃው ነው። እኔ ግን መጀመሪያ የማየው ጥይቱን ነው። ይህን የምለው ፈቃድ ላለው ሰው ነው፣ አዋጅ ቁጥር 1177/2012ን የማያውቅ ቀድሞ እሱን ያንብብ።

የስህተቶች ሁሉ አውራ «ከገባ ይሠራል» የሚባለው ነው። 410 የሚሉትን ትንሹን ሾትገን እንይ። አፈሙዙ 10.4 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ አንዳንድ የአውሮፓ ካርቶን ላይ 36 ተብሎ ይጻፋል። ጥይቱ በብዛት በሁለት ርዝመት ይመጣል፣ ባለ ሁለት ተኩል ኢንችና ባለ 3 ኢንች፣ ማለትም 65 እና 76 ሚሊ ሜትር ገደማ። ጉዱ ያለው አለካኩ ላይ ነው። ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር የተተኮሰ ቀለህ አፉ ተዘርግቶ ሲለካ ነው፣ ያልተተኮሰው ግን አፉ ታጥፎ ስለተዘጋ ያጥራል፣ ስለዚህ ረጅሙ ጥይት ለአጭሩ በተሠራ ጠመንጃ ውስጥ ሰተት ብሎ ይገባል፣ ጠመንጃውም ቀጭ ብሎ ይዘጋል። ቃታው ሲሳብ የታጠፈው አፍ መዘርጊያ ያጣል። የጥይቱ ማደሪያ ወደ በርሜሉ የሚጠብበት ቦታ ላይ ይወተፋል፣ ግፊቱ ይጨምራል፣ ቀለሁም ይነክሳል፣ ማለትም ተጣብቆ አልወጣ ይላል። በግድ ያወጣችሁትን ቀለህ አፉን እዩት። ጫፉ ከተተለተለ ነገሩ ይህ ሊሆን ይችላል። በርሜሉ ላይ የተቀረጸውን ርዝመት አንብቡ። አጭሩን በረጅሙ መተኮስ ግን አይጎዳም።

ልካቸው የተለያየ ጥይቶችን በአንድ ኪስ ማደባለቅ ደግሞ ሰው ይገድላል። 12፣ 20 እና 28 የሾትገን ልክ ናቸው፣ ቁጥሩ ሲበዛ ጥይቱ ይቀጥናል። ባለ 20 ጥይት ባለ 12 ጠመንጃ ውስጥ ሲገባ አልፎ በርሜሉ ውስጥ ይቀረቀራል፣ ባለቤቱ ባዶ መስሎት ከኋላው ባለ 12 ያጎርሳል፣ ከዚያ በርሜሉ ይፈነዳል። የ20 ቀለህ ቢጫ የሚደረገው ለዚሁ ነው። 28ም በ20 ላይ ያው ነው።

ዝገትን መናቅም አለ። ደሴ ብርድ ውስጥ ያደረ ጠመንጃ ከ500 ሜትር በላይ ወርዶ ኮምቦልቻ ሙቀት ሲገባ ብረቱ ያልበዋል። ወዲያው ማኅደሩ ውስጥ ከከተታችሁት እርጥበቱ እዚያው ታፍኖ ይቀራል። ጥይቱ የሚቀመጥበት ቦታ ትንሽ ከሻከረ ቀለሁ ይጣበቃል፣ በተለይ የቀለሁ የኋላ ቆብ ከነሐስ ሳይሆን ከርካሽ ብረት የተሠራ ከሆነ። ስትወለውሉ አፈሙዙን ብቻ አትዩ፣ ይህን ቦታ በብሩሽ ፈትጉት፣ የቀለጠ ፕላስቲክ አይጠፋበትም። ዘይት በጣሳ አታፍስሱ፣ አቧራ ይሰበስባል።

በቢላ መፈልቀቅ ይቅር። ብረቱ ይጫራል፣ የሚቀጥለው ቀለህ ይብስ ይነክሳል። ባዶ ቀለህ ከሆነ ከአፈሙዙ በኩል በእንጨት ዘንግ ቀስ አድርጎ መግፋት ነው። ያልተተኮሰ ጥይት ከሆነ ግን ዘንግ እንዳታስገቡ፣ አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አድርጋችሁ ባለሙያ ጥሩ።

ከሸፈ ብሎ ወዲያው መክፈትም አደጋ ነው፤ ዘግይቶ የሚተኮስ ጥይት አለ። አፈሙዙን ሳታዞሩ ቢያንስ 30 ሰከንድ ጠብቁ። ድምፁ ደከም ያለ ከሆነ ደግሞ ሌላ ከማጉረሳችሁ በፊት ጠመንጃውን አራግፋችሁ በርሜሉን በብርሃን እዩ፣ መሐል ላይ የቀረ ነገር ሊኖር ይችላል።

ይህ ሁሉ ተጣርቶ፣ ልኩ የሆነ የሌላ ፋብሪካ ጥይትም ተሞክሮ፣ አሁንም ካልወጣ ያኔ ቀለሁን የሚስበውን ጥፍርና ስፕሪንጉን አስፈትሹ።