ዞቴሮ ላይ በምንጮች መካከል ድርብ ሰረዝ እንዴት ይገባል?

በአማርኛ ጥናት እየጻፋችሁ ዞቴሮ (ምንጮችን የሚያደራጀውን ሶፍትዌር) የምትጠቀሙ ከሆነ ይህቺን ሳታዩ አልቀራችሁም። ዐረፍተ ነገሩ በአራት ነጥብ ያልቃል፣ ቅንፉ ውስጥ ግን የፈረንጅ ሴሚኮለን ተገትሯል፦ (አበበ, 2005; ከበደ, 2010)። እኛ የምንፈልገው (አበበ፣ 2005፤ ከበደ፣ 2010) የሚለውን ነው። ለዚህ ስታይሉን፣ ማለትም የምንጮቹን አጻጻፍ የሚወስነውን ፋይል፣ መንካት ግድ ነው።

መጀመሪያ ምንጮቹን አንድ ቅንፍ ውስጥ አስገቡ። ወርድ ላይ «አድ/ኤዲት ሳይቴሽን» የሚለውን ተጫኑ፣ አንዱን ምንጭ ምረጡ፣ ሳጥኑን ሳትዘጉ ሌላውን ጨምሩ፣ ከዚያ ኢንተር። ብዙ ሰው አንዱን አስገብቶ ይዘጋና ለሁለተኛው እንደገና ይከፍታል። ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ቅንፎች ይወጣሉ። ከዚያ መሃል ያሉትን ቅንፎች በእጁ አጥፍቶ ፤ ይጽፋል። ችግሩ እዚህ ላይ ይጀምራል። ዞቴሮ ጽሑፉ እንደተነካ ያውቅና «ያረማችሁት እንዳለ ይቆይ?» ብሎ ይጠይቃል። እሺ ካላችሁ ያ ሳይቴሽን (ቅንፉ ውስጥ ያለው የምንጭ ጥቆማ) ከዚያ ወዲያ አይታደስም። ዓመተ ምሕረቱን ዞቴሮ ውስጥ ብታስተካክሉ፣ ስታይል ብትቀይሩ፣ ንቅንቅ አይልም። እምቢ ካላችሁ ደግሞ እርማታችሁ ውሃ በላው።

ከምንጩ ኋላ ጽሑፍ የሚጨመርበት «ሰፊክስ» የሚለው ሳጥን ውስጥ ፤ መጨመርም አያዋጣም። ኤፒኤ የሚባለው ስታይል ምንጮቹን በፊደል ተራ ራሱ ያሰልፋል። ከበደን አስቀድማችሁ ከስሩ ፤ ብታደርጉ፣ አበበ ሲመጣ ከበደ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ምልክቷም አብራው ሄዳ ቅንፉ መዝጊያ ላይ ተንጠልጥላ ትቀራለች። ሴሚኮለኑ ደግሞ እዚያው መሃል ነው።

ስለዚህ ወደ ስታይሉ። ዞቴሮ ውስጥ ሁለት ሦስት ምንጭ ምረጡ፤ ለውጡን የሚያሳያችሁ በእነሱ ላይ ነው። «ሴቲንግስ»፣ «ሳይት»፣ ከዚያ «ስታይል ኤዲተር»። የምትጠቀሙበትን ስታይል ክፈቱና ከሁሉ በፊት ርዕሱንና መለያውን (አይዲ የሚለውን) ቀይሩ። ይህን ከዘለላችሁ ዋናው ስታይል ሲታደስ የእናንተን ይደመስሰዋል።

ቀጥሎ «ሳይቴሽን» የሚለውን ክፍል ፈልጉ። ስሞቹን እዚህ በእኛ ፊደል ጻፍኳቸው እንጂ ፋይሉ ውስጥ በእንግሊዝኛ ናቸው። ከስሩ «ሌይአውት» የሚል መስመር አለ፣ እሱ ላይ «ዴሊሚተር» (በምንጮቹ መካከል የሚገባው ምልክት)። በትእምርተ ጥቅሱ ውስጥ ያለችውን ሴሚኮለን በ፤ ተኩ። ከኋላዋ ያለውን ክፍት ቦታ አትንኩ፤ ከጠፋ ምንጮቹ ይጣበቃሉ። በስምና በዓመት መካከል ያለችው ኮማ ኤፒኤ ላይ ከሌይአውቱ ስር «ግሩፕ» የሚለው መስመር ላይ ናት። እሷንም በ፣ ተኩ።

ፋይሉን በሙሉ «ሪፕሌስ ኦል» ማድረግ አይታሰብ። ኮዱ ውስጥ ራሳቸው በሴሚኮለን የሚያልቁ ምልክቶች ይኖራሉ። እነሱን ከነካችሁ ስታይሉ አይከፈትም።

አሁን አንድ ደራሲ ሁለት ሥራ ያለውን ሞክሩ። (አበበ፣ 2005, 2010) የሚል ቅልቅል ቢወጣ አትደንግጡ። ያቺን ኮማ ፋይሉ ውስጥ ብትፈልጉ ላታገኟት ትችላላችሁ፤ የተለየ ትእዛዝ ከሌለ ሲስተሙ ራሱ የሚያስገባት ናት። «ሳይቴሽን» የሚለው መክፈቻ መስመር ላይ «ሳይት-ግሩፕ-ዴሊሚተር» ጨምሩና ፣ ከነክፍት ቦታዋ ስጡት። ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህች ላይ ነው።

ፋይሉን አስቀምጡ፣ ስታይሎቹ ዝርዝር ስር ባለችው የመደመር ምልክት ጫኑት፣ ወርድ ላይ «ዶክዩመንት ፕሪፈረንስስ» ገብታችሁ ምረጡት። በእጅ ታርመው «ይቆይ» የተባሉ ሳይቴሽኖች ካሉ ግን አዲሱ ስታይል አይነካቸውም። እነሱን አንድ በአንድ አጥፍታችሁ እንደገና አስገቡ።