ተመራማሪዎችን ቢዝነስ ስታስተምሩ እነዚህን ስህተቶች አትስሩ

አብዛኛው የኢንተርፕረነርሺፕ ትሬኒንግ የተዘጋጀው ሱቅ ወይ ካፌ ለሚከፍት ወጣት ነው፣ ያንኑ ስላይድ ይዞ ዕድሜውን ላብራቶሪ ውስጥ ያሳለፈ ተመራማሪ ፊት መቆም አይሰራም። ተመራማሪ ግምት ይይዛል፣ ይፈትሻል፣ ካልሆነ ይጥለዋል። ቢዝነስ ሲጀመርም የሚፈለገው ይሄው ነው፣ እኛ ግን ይሄን ችሎታውን ትተን እንደ ጀማሪ እናስተምረዋለን።

በቢዝነስ ፕላን መጀመር

ሰውየው ገና ማን እንደሚገዛው ሳያውቅ የአምስት ዓመት ገቢ ኤክሴል ላይ ሙላ ይባላል። ይሞላዋል፣ ፕሮፖዛል መጻፍ ስራው ስለሆነ ያምርለታልም፣ ግን ቁጥሩ በሙሉ ከጭንቅላቱ የወጣ ነው። የአሜሪካው ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን እ.ኤ.አ. በ2011 አይ-ኮርፕስ የሚባለውን ለተመራማሪዎች የተዘጋጀ የቢዝነስ ትሬኒንግ ሲጀምር ከፕላን በፊት ደንበኛን አናግሩ የሚለውን የስቲቭ ብላንክን ዘዴ ነው የወሰደው፣ ቡድኑ በ7 ሳምንት ውስጥ ወደ 100 ሰው ፊት ለፊት ያናግራል። እኛ ጋ 100 ከበዛ 30 ይሁን፣ ብቻ ይውጡ፣ በየሳምንቱም ማንን እንዳናገሩና የትኛው ግምታቸው እንደወደቀ ያቅርቡ።

«ይሄን ብንሰራ ትገዛላችሁ?» ብሎ ማስጠየቅ

እኛ ሀገር እንግዳ ማሳፈር ነውር ነው፣ ከዩኒቨርሲቲ የመጣ ዶክተር ሲጠይቅማ ሁሉም አዎ ነው የሚለው። ያለፈውን ይጠይቁ፣ ገበሬ ከሆነ ለምሳሌ እንዲህ፦ አባባ፣ አምና ነቀዝ ሲገባብዎት ምን አደረጉ? መድኃኒቱን ከማን ገዙ? ስንት አወጡ? መልሱ ምንም አላደረኩም ከሆነ እሱም ትልቅ ዳታ ነው።

እዚህ ላይ የቁንጮ ጤፍን ታሪክ ሁሌም ብታነሱ ደስ ይለኛል። ከደብረ ዘይት ምርምር ማዕከል የወጣው ዱከም የሚባለው ዝርያ ምርቱ ጥሩ ነበር ግን ፍሬው እንደ ማኛ ስላልነጣ ገበሬው ብዙም አልያዘውም፣ ማኛ ደግሞ ነጭ ሆኖ ምርቱ ዝቅ ይላል። ተመራማሪዎቹ ሁለቱን አዳቅለው እ.ኤ.አ. በ2006 ቁንጮን አወጡ፣ ሀገሩን ያዳረሰው እሱ ነው። ገበያው የሚከፍለው ለኩንታሉ ብቻ ሳይሆን ለንጣቱም ነበር፣ ይሄ ደግሞ ሙከራ ማሳ ላይ ቆሞ አይታይም።

የባለቤትነትን ነገር ለመጨረሻው ቀን ማቆየት

ይሄ በጣም ያሳስበኛል። ተመራማሪ ያገኘውን ቶሎ ፐብሊሽ ማድረግ ነው የለመደው፣ ግን ፔፐሩ ከወጣ ወይ ኮንፈረንስ ላይ ከቀረበ በኋላ አውሮፓ ውስጥ ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) ማግኘት አይቻልም ማለት ይቻላል፣ አሜሪካ አንድ ዓመት ትሰጣለች። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን መነገር አለበት፣ መጀመሪያ ማመልከቻው ይግባ ከዛ ይታተም።

ከውጭ ዩኒቨርሲቲ ጋር አብሮ መስራት ሲመጣ ደግሞ ውሉ ይቀድማል። ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ነው የቢልሃርዚያን አስተላላፊ የሚገድል ነገር ያገኙት። በኋላ ግን እንዶድን የውሃ ቱቦ በሚዘጉ ዛጎላማ እንስሳት ላይ ለመጠቀም የወጣው ፓተንት፣ እሳቸው ራሳቸው በስራው ቢኖሩበትም ባለቤቱ የአሜሪካው ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ነው የሆነው። ይሄን ለሰልጣኞች ንገሯቸውና የራሳቸውን የትብብር ውል አምጥተው የባለቤትነቱን አንቀጽ አብራችሁ አንብቡ።

ሁሉም ካምፓኒ ይክፈት ማለት

ማስተማር የሚወድ ፕሮፌሰር ስራ አስኪያጅ ሆኖ አይደሰትም፣ ግዴታም የለበትም። ግኝቱን የመጠቀም ፈቃድ ለፋብሪካ መሸጥ ይችላል፣ ወይ ተማሪው ይምራውና እሱ አማካሪ ይሁን። አይ-ኮርፕስም ላይ ብዙ ጊዜ ቡድኑን የሚመራው ወጣቱ ነው፣ ከኢንዱስትሪ የመጣ መካሪም ይጨመርበታል።

ጊዜውን አለማስከበር

እድገት በፔፐር በሚቆጠርበት ቦታ ሰው ገበያ ወጥቶ ሲጠይቅ መዋል ኪሳራ ይመስለዋል። ትሬኒንጉ ሳይጀመር ዲኑ ጋ ሄዳችሁ የሰልጣኞቹ የማስተማር ጫና እንዲቀንስ በጽሁፍ አስፈርሙ፣ ያለዚያ ሶስተኛው ሳምንት ላይ የፈተና እርማት ይመጣና ግማሹ ሰው ይቀራል።