ትሑት አገልጋይ ለመጎብኘት ውጭ አገር ሲሄዱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በአንዲት ትንሽ አጥቢያ ለዓመታት በትጋት ያገለገለ ሰው እንግዳ ሲመጣበት እምቢ ማለት አይሆንለትም። «ደክሞኛል»፣ «ቤቴ አይበቃም» የሚል ቃል ከአፉ አይወጣም። ስለዚህ እሱ የማይናገረውን እንግዳው አስቀድሞ ሊያስብለት ይገባል።

ከሁሉም የከፋው ስህተት በቱሪስት ቪዛ ገብቶ መስበክ ነው። ብዙ አገሮች የጉብኝትና የሃይማኖት አገልግሎት ቪዛን ለይተው ይሰጣሉ። «አጭር ሰላምታ ብቻ» ተብሎ መድረክ ላይ የወጣ እንግዳ ችግር ቢገጥመው ወደ አገሩ ይመለሳል፤ እዚያው ቀርቶ የሚጠየቀው ግን የጋበዘው አገልጋይ ነው። ቲኬት ከመቁረጥዎ በፊት በያዙት ቪዛ ማስተማርና መስበክ ይፈቀድ እንደሆነ ኤምባሲውን ይጠይቁ። የግብዣ ደብዳቤው ላይ ስምዎ ልክ በፓስፖርትዎ ላይ እንዳለው፣ የፓስፖርት ቁጥርዎ፣ የመግቢያና የመውጫ ቀን፣ የሚያርፉበት አድራሻና ወጪውን የሚችለው ማን እንደሆነ ይጻፍ። ከፋዩ እርስዎ ከሆኑ ደብዳቤው አገልጋዩን ከፋይ አያድርገው፤ የባንክ ማስረጃ አምጣ የሚባለው እሱ ይሆናልና። ፓስፖርትዎ ቢያንስ 6 ወር የሚቀረው መሆኑን ይዩ። የቢጫ ወባ ክትባት የሚጠየቅበት አገር ከሆነ ከመግባትዎ 10 ቀን አስቀድመው ይከተቡ፤ ምስክር ወረቀቱ ከዚያ በፊት አይሠራም።

ቀን ሲቆርጡ «ይመችዎታል?» ብለው አይጠይቁ፤ መልሱ ሁልጊዜ «አዎ» ነው። ሦስት ሳምንታት ጠቅሰው «ሥራ የሚቀልልዎ በየትኛው ነው?» ይበሉ። ማረፊያም እንዲሁ ነው። ቤቱ ካደሩ ልጆቹ መሬት ሊተኙ ይችላሉ፣ እርስዎም አያውቁትም። በአቅራቢያው ማረፊያ ይያዙና ቀኑን አብረውት ይዋሉ።

ገንዘብ ላይ ብዙ ደግ ሰዎች ይሳሳታሉ። ከአምልኮ በኋላ በሩ ላይ ሲጨባበጡ ገንዘብ የያዘ ፖስታ አገልጋዩ እጅ ውስጥ ሸጎጥ ይደረጋል። ምእመናኑ ፖስታውን ያያሉ እንጂ ውስጡን አያውቁም፤ 50 ይሁን 5,000 እንደየግምታቸው ያወራሉ። ዓመታት የገነባው አመኔታ በዚያች ቅጽበት ይሸረሸራል። ጳውሎስ የተሰበሰበውን እርዳታ ብቻውን ሳይሆን ከሌሎች ወንድሞች ጋር ያስተላለፈው ማንም እንዳይነቅፋቸው ነበር (2ኛ ቆሮንቶስ 8፥20–21)። ለቤተ ክርስቲያኑ የሚሰጡትን ሽማግሌዎች ባሉበት ለገንዘብ ያዡ ያስረክቡና ደረሰኝ ይቀበሉ። ለቤተሰቡ የሚሆነውን ደግሞ ለይተው፣ ለግሉ መሆኑን በጽሑፍ ይግለጹ።

ፎቶ ሳያስፈቅዱ አያንሱ፤ የልጆችን በተለይ። አምልኮ በዓይነ ቁራኛ በሚታይበት አገር የስልክዎን የቦታ መጠቆሚያ ያጥፉ፤ ፎቶው የተነሳበትን ቦታ ይዞ ይሄዳልና።

በአስተርጓሚ ሲናገሩ 20 ደቂቃው 40 እንደሚሆን አስበው ይዘጋጁ። አንድ ሐሳብ ጨርሰው ቆም ይበሉ፤ ዓይንዎም ከአስተርጓሚው ይልቅ የሚያነጋግሩት ሰው ላይ ይሁን።

በመጨረሻም በስሜት ቃል አይግቡ። «ጣሪያውን እኛ እናሠራዋለን» ከተባለ ምእመናኑ የራሳቸውን መዋጮ አቁመው ይጠብቃሉ፤ ክረምቱ ሲገባ ማብራሪያ የሚጠየቀውም አገልጋዩ ነው። ሊረዱ ካሰቡ አገርዎ ገብተው፣ ገንዘቡ እጅዎ ላይ ሲሆን ለሽማግሌዎቹ ይጻፉላቸው።